የአሰብ ሹፌሮች ያዩት ዶልፊን

ሥራዬ በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ዶልፊኖችን ማጥናት ነው። ኮምቦልቻ የሄድኩትም ለእሱ ነው። ከተማዋ ባሕር ባይኖራትም አሰብ ሲመላለሱ ያረጁ ሹፌሮች አሏት።

ከደሴ የተነሳሁት ብርዱ ገና ሳይለቅ ነው። ሚኒባሱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወርድ መጀመሪያ ነጠላዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅኩ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ያደርስ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ያ መስመር ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። የቦርከና ውኃ አዋሽ ውስጥ ገብቶ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ቀይ ባሕር አይደርስም። ሹፌሮቹ ግን ደርሰዋል።

ጡረተኞቹ የሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ገብቼ የዶልፊን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ስም አልጻፍኩባቸውም። ሰው ስም ካነበበ ትዝታው ወደ ጽሑፉ ያዘነብላል።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ ያዩት አለ?»

«አብሽሪ ልጄ፣ ስንት ጊዜ!»

ዕድሜያቸውን ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ አዛውንት ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩና አንዱን ወደ እኔ ገፉት። «ይኼ ነው። ጀርባው ጉብ ያለ ነው፤ ክንፉ ከጉብታው ላይ ነው የሚበቅለው።» ግራ እጃቸውን ጨብጠው የቀኝ አውራ ጣታቸውን ላዩ ላይ አቆሙ። «ሲወጣ ደግሞ ቀድሞ የሚታየው አፉ ነው።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የነገሩኝ ሃምፕባክ ዶልፊን ነው፤ አፉን ከውኃው አውጥቶ ብቅ የማለቱን ነገር በባሕር ላይ የኖረ ሰው ካልሆነ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ይህ ዶልፊን ከዳርቻ አይርቅም፤ ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ከ25 ሜትር በማይበልጥ ውኃ ነው የሚውለው። ጣጣውም እዚያው ነው። ወደብ የሚቆፈረው፣ መረብ የሚጣለው እሱ ባለበት ነው። ዶልፊን የሚተነፍሰው አየር ስለሆነ መረብ ከያዘው ታፍኖ ይሞታል። የሚወልደውም በጥቂት ዓመታት አንዴ፣ አንድ ግልገል ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት መድቦታል።

«ያ የሚዘለውስ?» አሉ ሌላኛው። አየር ላይ እንደ እንዝርት የሚሽከረከረውን ማለታቸው ነው። እሱ ማታ ማታ ጥልቅ ባሕር ገብቶ ያድናል፤ ቀን ኮራል የከለለው ጸጥ ያለ ውኃ ውስጥ ያርፋል። ግብፅ ሳማዳይ በሚባለው የኮራል ስፍራ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማረፊያውን ለጀልባና ለዋናተኛ ዘግታለች፤ ጎብኚ የሚገባው በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ቁጥር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለዶልፊን ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ብልሁ ይሄ ነው። እንቅልፉን ጠበቁለት።

አዛውንቱ «እንዴት ትቆጥሪዋለሽ? ይጠልቃል እኮ» ብለው ጠየቁኝ። የጀርባ ክንፉን ፎቶ እናነሳለን። ጠርዙ ላይ ያለው ጭረትና ስንጥቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ለምሳሌ ዛሬ 20 ብናነሳ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 20 አንስተን ከእነሱ 5ቱ የቀድሞዎቹ ከሆኑ፣ ያኔ ያነሳናቸው 20ዎቹ የጠቅላላው ሩብ ያህል ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ በአካባቢው ወደ 80 ገደማ አሉ ብለን እንገምታለን። በሐሳባቸው አስልተው «ልክ ነው» አሉ።

ትዝታ ቁጥር አይሰጠኝም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ካሜራ ባልነበረበት ጊዜ የትኛው ዝርያ የት ይታይ እንደነበር ከእነሱ ሌላ ማን ይነግረኛል? እነሱ ካለፉ ማንን እጠይቃለሁ?

ስወጣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ተሳቢ የሚነዱ ወጣቶች አገኘሁ። ጂቡቲ ሲደርሱ ባሕሩን ማየታቸው አይቀርም። ዶልፊን ካዩ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደሆኑና ግልገል አብሮ መኖሩን በስልካቸው እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። አንደኛው ወዲያው ስልኩን አውጥቶ «ክንፉን ነው አይደል የማነሳው?» አለኝ።