ሮቦቱን «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ያስለመድኩበት መንገድ

የሮቦት ክንድ ዕቃ አንስቶ እንዲያስቀምጥ ማድረግ እንደ ድሮው ከባድ አይደለም። የተዘጋጀ ሞዴል (ከምሳሌዎች የሚማር ፕሮግራም) አለ፤ ዳታም በነፃ ይገኛል። በ2023 የወጣው ኦፕን ኤክስ ኢምቦዲመንት የተባለው ስብስብ ብቻ ከ22 ዓይነት ሮቦቶች የተገኙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የእንቅስቃሴ ቅጂዎች አሉት። እኔን ያስጨነቀኝ ክንዱ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ሥራው ራሱ ተራ ነው። ከላይ ካሜራ፣ ከታች ጠረጴዛ፣ መሐል ላይ ትንሽ ክንድ። ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮና ብርጭቆ እየለየ ወደየሳጥኑ ይጥላል። ምስል የሚለየውን ሞዴል አሠለጠንኩ፤ ውጤቱም አሪፍ ነበር። ከዚያ የሳታቸውን ምስሎች ብቻ ለይቼ አየኋቸው። ሲሳሳትም በሙሉ ልቡ ነው የሚሳሳተው! ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ እያየ፣ ቅንጣት ሳይጠራጠር «ብርጭቆ ነው» ይላል።

ይህ የብዙ ሞዴሎች ዐመል ነው። ቹዋን ጉዎና ባልደረቦቹ በ2017 ዘመናዊ የነርቭ ኔትወርኮች፣ ማለትም እንደ እኔው ያሉ ሞዴሎች፣ ከሚገባው በላይ በራሳቸው እንደሚተማመኑ አሳይተዋል። ያቀረቡት መፍትሔ፣ ቴምፕሬቸር ስኬሊንግ፣ በጥቂት መስመር ኮድ ያልቃል፦ ሞዴሉ ለየመልሱ የሚሰጣቸው ነጥቦች ወደ በመቶ ከመቀየራቸው በፊት ሁሉንም ለአንድ ቁጥር ማካፈል። ቅደም ተከተላቸው ስለማይለወጥ መልሱ ያው ነው፤ ጉራው ብቻ ይበርዳል።

ጉራው ቢበርድም ውሳኔው ገና ነው። ስንት በመቶ ሲሆን ያንሳ? ስንት ሲሆን ሰው ይጠይቅ? በግምት መቁረጥ አልፈለግኩም። እዚህ ላይ የደረሰልኝ ቭላድሚር ቮቭክና ባልደረቦቹ ያዳበሩት ኮንፎርማል ፕሬዲክሽን የተባለ ዘዴ ነው። በ2023 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የጉግል ዲፕማይንድ ተመራማሪዎች በቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ አንብቦ በሚመልስ ሞዴል) ለሚመሩ ሮቦቶች ተጠቅመውበታል፤ ሮቦቱ ትእዛዙ አሻሚ ሲሆንበት ሰው ይጠይቃል።

ስሙ ያስፈራል እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። ሞዴሉ ያልሠለጠነባቸው፣ መልሳቸው ግን የታወቀ ምስሎች ለብቻ ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ምስል፣ ሞዴሉ ለትክክለኛው መልስ ስንት ነጥብ እንደሰጠ እመዘግባለሁ። ከ10 አንዴ ቢሳት እታገሣለሁ ካልኩ፣ ዝቅተኞቹን 10 በመቶ ገደማ የሚቆርጠው ነጥብ መስመሬ ይሆናል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ክንዱ ከመስመሩ በላይ ያሉትን መልሶች ሁሉ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ብቻ ካለ ያነሳል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠይቃል። ባዶ ከሆነ እጁን ይሰበስባል። ትክክለኛው መልስ በአማካይ ከ10 ዘጠኝ ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል።

አማካይ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። በእኔ ዳታ ወረቀት በሽ በሽ ነው፤ ብርጭቆ ጥቂት ነው። የወረቀቱ ውጤት ስላማረ የብርጭቆው ድክመት ተውጦ ነበር። ስለዚህ መስመሩን ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ አሰመርኩ። ብርጭቆ ከወረቀት ጋር ከተቀላቀለ የሰው እጅ ስለሚቆርጥ፣ ለእሱ የምታገሠውን ስሕተት ከሌሎቹ ዝቅ አደረግኩ። ዋጋው ጥያቄ መብዛቱ ነው።

ጥያቄ ሲበዛ ደግሞ መላሹ ይሰለቻል። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ የሮቦቱን ግምት አድምቆ ያሳይ ነበር። የሚያግዘኝ ልጅ ጥቂት እንደቆየ ምስሉን ማየት ትቶ የደመቀውን ብቻ መጫን ጀመረ። አልፈርድበትም። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሊዛን ቤይንብሪጅ በ1983 ይህን አስቀድማ ጽፋዋለች፦ አውቶሜሽን (ሥራን ለማሽን መስጠት) ቀላሉን ወስዶ ከባዱን ለሰው ይተዋል፤ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ንቃቱም ችሎታውም ይዳከማል። ማድመቁን አስወገድኩ፤ የምርጫዎቹን ቦታ እያቀያየርኩ አሳያለሁ፤ መልሳቸውን የማውቃቸውን ምስሎችም ጣል ጣል አደርጋለሁ። «ሰው ይቆጣጠረዋል» የሚሉ ጽሑፎችን ሳነብ አሁን የምጠይቀው ያ ሰው ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚያይ ነው።

ጥያቄ ለመቀነስ መስመሩን ማላላት ያጓጓል። እኔ ሌላ ሴንሰር ጨመርኩ። ክንዱ የተጠራጠረውን ዕቃ ትንሽ ከፍ አድርጎ ክብደቱን ይለካል። ፕላስቲክና ብርጭቆን ካሜራው ቢያምታታቸውም ክብደታቸው ይለያቸዋል። ውስጡ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ካልመጣ በቀር!

የሰውን አካል ከአደጋ መጠበቅን ግን ለሞዴሉ አልሰጠሁም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቁልፍ የሞተሩን ኃይል በቀጥታ ይቆርጣል። የፍጥነትና የጉልበት ገደቡም ሞዴሉ ከማይደርስበት መቆጣጠሪያ ውስጥ ነው። ከሰው አጠገብ ለሚሠሩ ሮቦቶች በ2016 የወጣው አይኤስኦ ቲኤስ 15066 የተባለው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ሰነድ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ምን ያህል ግፊት እንደሚችል በሰንጠረዥ አስቀምጧል። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሞዴል ከማውረዱ በፊት እሱን ቢያይ እመርጣለሁ።

የኮንፎርማሉ ዋስትና የሚሠራው አዲሱ ዕቃ መለኪያ ካደረግኳቸው ምስሎች ጋር እስከተመሳሰለ ድረስ ነው። መብራት ሲቀየር ወይም የካሜራው ሌንስ አቧራ ሲይዝ ዋስትናው ይፈርሳል፤ ማንም ግን አይነግርህም። የጥያቄውን ብዛት መከታተል ብቻ አይበቃም፤ ሞዴሉ እርግጠኛ ሆኖ ሊስት ይችላል፣ ያኔ ጥያቄም የለም። ስለዚህ ክንዱ ሳይጠይቅ ከወሰናቸው ውስጥ ጥቂቶቹ በዕጣ ወጥተው ለሰው ይቀርባሉ። ስሕተታቸው ከተፈቀደው ሲያልፍ ክንዱ ይቆማል፤ እኔም አዲስ ምስል አንስቼ መስመሩን እንደገና አሰምራለሁ። የድሮዎቹን መለኪያ ምስሎች ልጣል ወይስ ከአዲሶቹ ጋር ልቀላቅል የሚለውን ገና አልቋጨሁም። ለጊዜው እየቀላቀልኩ ነው፤ የብርጭቆ ምስል እንደ ልብ አይገኝማ።