ለብቻ ጉዞ የምትሆን ቀላል ታንኳ፦ የሦስተኛው ዓመት ማስታወሻዬ

በሰሜን ሚኔሶታ፣ ከካናዳ ድንበር ሥር በተዘረጋው የባውንደሪ ዋተርስ ጥብቅ ዱር ለብቻዬ መቅዘፍ ከጀመርኩ ይህ ሦስተኛው ዓመቴ ነው። ሁለቱን ዓመት በኪራይ ታንኳ አሳልፌ ዘንድሮ የራሴን ገዝቻለሁ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ያላችሁ፣ ለብቻ መውጣት የጀመራችሁ ወዳጆቼ ስለ ምርጫው ስለጠየቃችሁኝ የደረስኩበትን እነሆ እጽፋለሁ።

በዚያ ዱር ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉ፤ በአብዛኞቹም ሞተር አይፈቀድም። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ለመሻገር ታንኳን ተሸክሞ በጫካ መሐል በእግር ማለፍ ግድ ነው። ይህ የእግር መንገድ ፖርቴጅ ይባላል፤ ርዝመቱም የሚለካው በሮድ ነው። አንድ ሮድ 16 ጫማ ተኩል ወይም 5 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከአንድ ታንኳ ርዝመት ጋር ይቀራረባል።

በመጀመሪያው ዓመት የተከራየኋት ባለ 17 ጫማ የአሉሚኒየም ታንኳ 34 ኪሎ ትመዝን ነበር። ከሶቢል ሐይቅ ወደ አልተን የሚያሻግረው ፖርቴጅ 30 ሮድ ብቻ ስለሆነ አልከበደኝም። ከአልተን ወደ ቤዝ ያለው ግን 140 ሮድ ያህል ነው። ታንኳዋን አድርሼ ባዶ እጄን ስመለስ፣ ከዚያም ጓዜን አንሥቼ ያንኑ መንገድ ሦስተኛ ጊዜ ስሄድበት፣ 700 ሜትሩ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነብኝ። ከቤዝ ወደ ግሬስ የሚወስደው ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል በመሆኑ ጉዞዬን እዚያው ገታሁ። ታንኳዋን ከጓዜ ጋር ባንድ ጊዜ ማንሣት ብችል ኖሮ መንገዱን አንድ ጊዜ ብቻ በሄድኩ ነበር። ስለዚህ መለኪያዬን በድምሩ ላይ አደረግኩ፦ ለአምስት ቀን የሚበቃው ጓዜ 16 ኪሎ ስለሚመዝንና እኔም ከ33 ኪሎ በላይ ተሸክሜ በድንጋያማ መንገድ በደህና መሄድ ስለማልችል፣ ለታንኳዋ የሚቀረው 17 ኪሎ ነው።

ይህ ገደብ አሉሚኒየምንና ፕላስቲክን ወዲያውኑ ከምርጫ አስወጣቸው። የቀረው ኬቭላር ነው። እስቴፋኒ ክዎሌክ በ1965 በዱፖንት ኩባንያ ያገኘችው ይህ ክር ተሸምኖ በሙጫ ሲጠጣ ቀጭን ግን ጠንካራ አካል ይሆናል፤ ሆዱም እንዳይተጣጠፍ ከውስጥ የፎም የጎድን አጥንቶች ይገቡለታል። በዚህ መንገድ የተሠሩ ባለ 15 ጫማ የብቻ ታንኳዎች ከ14 እስከ 18 ኪሎ ይመዝናሉ። ነገር ግን ዳር ድረስ ቀዝፎ ድንጋይ ላይ መውጣት አይቻልም፤ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ወርዶ፣ ታንኳዋን ሳያስነኩ ጓዝን ማውረድ ያስፈልጋል። እግሩን ማርጠብ የማይፈልግ ሰው ኬቭላር ባይገዛ እመክራለሁ።

ከዚህም የቀለለ መፈለጌ አልቀረም። በ1883 ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ የኒው ዮርክን የአዲሮንዳክ ሐይቆች ያቋረጠው፣ የካንተኑ ሄንሪ ረሽተን በሠራለት 5 ኪሎ በማትሞላ ባለ 9 ጫማ የእንጨት ታንኳ ነበር። ይህን ባነበብኩ ሰሞን 9 ኪሎ የምትመዝን ባለ 12 ጫማ ታንኳ ለሙከራ ተዋስኩ። ባዶዋን ስቀዝፋት እጅግ ወደድኳት። በማግስቱ ግን ጓዜን የሚያህል ክብደት በውኃ ጀሪካኖች ጭኜ ስወጣ፣ ከውኃው በላይ የቀረው ግድግዳዋ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ነበር፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥርም ማዕበሉ ጭኔ ላይ ይረጫል። ሲርስ ትንሽ ሰው ነበር፤ እኔ 82 ኪሎ ነኝ። ታንኳ የምትሞክሩ ሁሉ ባዶዋን ሞክራችሁ እንዳትወስኑ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

በመጨረሻ የገዛኋት 15 ጫማ ተኩል ርዝመት ያላት፣ አገልግሎት የሰጠች ኬቭላር ናት፤ ክብደቷ ልክ 17 ኪሎ ነው። መቀመጫዋ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተቱ ከሁሉ በላይ ጠቅሞኛል። ፊቷ ከቀለለ የፊት ነፋስ ያዞራታል፤ ጓዙን አንድ ስንዝር ወደ ፊት ገፍቼ መቀመጫዬን ሳስተካክል ግን አቅጣጫዋን ትጠብቃለች።

የብቻ ታንኳ መቀመጫዋ መሐል ላይ ስለሆነ የመሸከሚያው ቀንበር ተነቃይ ነው፤ ፖርቴጅ ላይ ሲደረስ በጠርዞቿ ላይ በብሎን ይታሰራል። ቀንበሩን ከሚዛኑ ነጥብ ሁለት ጣት ወደ ፊት ሳስረው ኋላዋ ትንሽ ይከብድና አፍንጫዋ ቀና ይላል፤ ያኔ መንገዱ ይታየኛል። ቦታው እንዳይጠፋብኝ በሁለቱም ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።

ባሕር ዳር ሳድግ የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ፣ ባለቤቶቹም ከጣና አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያደርቁት አይ ነበር። ኬቭላር ውኃ አይጠጣም፤ ሆኖም ከዝናብ በኋላ ሆዷ ውስጥ የቀረው ውኃና የራሰው ገመድ ሲደመሩ ሚዛኑ ወደ 19 ኪሎ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፖርቴጅ ላይ ከማንሣቴ በፊት ውስጧን በስፖንጅ አደርቃለሁ።

ባለፈው ወር የአልተንና የቤዝን ፖርቴጅ ጓዜንም ታንኳዬንም ይዤ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ አለፍኩት። ወደ ግሬስ የሚወስደውን ለመሞከር ለሴፕቴምበር ፈቃድ አውጥቻለሁ።