አመሰግናለሁ ካልኩ በኋላ

2011 ዓ.ም. የጋዜጠኝነት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የብሮድካስት ዜና አጻጻፍንም ቃለ መጠይቅንም ያስተማረን አንድ ሰው ነው። ሁላችንም ቲቸር ነበር የምንለው። ዕድሜው ከኛ ብዙም አይርቅም፣ ራሱ ነው አንተ በሉኝ ያለን። ከማስተማሩ ጎን አንድ ኤፍ ኤም ላይ የአየር ሰዓት ገዝቶ ቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራም ያዘጋጃል። ጎበዝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የማነሳው ነገር ችሎታውን እንዳያስረሳ ነው። ስለ ሬዲዮ ከማውቀው ግማሹን ያገኘሁት ከሱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ስለ ኑሮ ውድነት አጭር ቅንብር መሥራት ነበር። ሪከርደር በፊርማ አውጥቼ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ አድርገው የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ። ተማሪ መሆኔን ነግሬያቸው ፈቀዱልኝ። ማይኩን አፋቸው ጋ አስጠግቼ "የኑሮ ውድነቱ በእርስዎ ሕይወት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ምን ይመስላል?" አልኳቸው። ጥያቄውን ማታ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነው የሄድኩት።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያው እንግዲህ የኑሮ ውድነቱ በጣም ከፍተኛ ነው፣ የሚመለከተው አካል መፍትሔ ቢሰጠን" አሉ። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ተናገሩ። የሚመለከተው አካል አራት ጊዜ ተጠርቷል። እኔ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

የጻፍኩት ዜና የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በቃሌ ነው፦ "በመዲናዋ እየተስተዋለ የሚገኘው የሸቀጦች የዋጋ ንረት በተለይም ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች ላይ ከፍተኛ ጫና እያሳደረ መሆኑን ያነጋገርናቸው ነዋሪዎች ገለጹ።"

ቲቸር ክፍሉ ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። "ገለጹ" ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አልቆ ነበር።

"ማን ነው የገለጸው?" አለኝ።

"ነዋሪዎች።"

"ይህን ያወቅኩት የት ላይ ስደርስ ነው?"

"መጨረሻ ላይ።"

"እስከዚያ ሚኒባስ ውስጥ የሚሰማሽ ሰው ወራጅ ብሎ ወርዷል።"

ልክ ነበር። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ጋዜጣ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም፣ አንባቢ ግራ ሲገባው ዓይኑን መልሶ ያነባል። ሬዲዮ ላይ የሚመለስ ነገር የለም። አድማጩ ባለቤቱንና ድርጊቱን እስኪያገኝ ድረስ ያን ሁሉ ቃል በጭንቅላቱ ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። ሰው ደግሞ እየነዳ፣ እየጠረገ፣ ልጅ እያጠበ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ቲቸር ያስቆርጠናል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ነገር። ቁጥር ካለ ከአንድ በላይ እንዳይሆን። "እየተስተዋለ የሚገኘው" የሚባል ነገር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ይጠፋል። የጻፍነውን ለራሳችን በድምፅ ሳናነብ ብናስረክብ አይቀበልም ነበር። እኔ ዛሬም ሳላነብ አላስረክብም፣ ዴስክ ላይ ያሉ ሰዎች ምን ታጉተመትሚያለሽ ይሉኛል።

ስለ ቅጂው ደግሞ "ይህ የቀበሌ ስብሰባ ነው" አለ። "ሴትዮዋ የተናገረችው ላንቺ አይደለም፣ ለማይኩ ነው። ተመለሺ። ጥያቄውን ደብተር ላይ አትጻፊ። ስለ ኑሮ ውድነት አትጠይቂያት፣ ስለ ዛሬ ጠዋት ጠይቂያት።" ከዚያ ለሁላችንም ዞሮ አንድ ነገር ጨመረ። "አመሰግናለሁ ካላችሁ በኋላ ሪከርደሩን አታጥፉ። ሰው እውነቱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።" ይህንንም ሁላችንም ጻፍነው።

በነጋታው ተመለስኩ። ማይክ አልያዝኩም። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጬ የደረቀውን ልጣጭ ከሽንኩርቱ ላይ እያራገፍኩላቸው ነበር የምናወራው። ሪከርደሩን ጆንያው ላይ በግልጽ አስቀመጥኩት። አይተውታል፣ ስናገር ይቀዳል ወይ ብለውኛል፣ አዎ ብያለሁ። በስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ሽንኩርቱን ከየት እንደሚያመጡ፣ ያልተሸጠው ማታ የት እንደሚያድር ጠየቅኳቸው። ከትናንቱ በጣም ይሻላል። ግን ነጠላቸው አሁንም ተስተካክሎ ነው።

"አመሰግናለሁ እናቴ" አልኩ።

"ጨረስን?"

"ጨርሰናል።"

ይህን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ቀይዋ መብራት ላይ ልጣጭ ወድቆባት ነበር፣ እንደበራች ግን አውቃለሁ። እጄን ወደ ሪከርደሩ አልላክሁም።

ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ። አላነሱትም። ቃሪያውን እየደረደሩ እንዲህ አሉኝ፦

"እንግዲህ ላንቺ ልንገርሽ ልጄ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሳልቀሰቅስ ነው የምወጣው። ካረፈዱ ቁርሱና ምሳው አንድ ይሆንልኛል። ትልቁ ልጅ እንቅልፋም ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። እንቅልፋም አይደለም።"

14 ሰከንድ ነው። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስቆርጠው ለካሁት።

ክፍል ውስጥ ቅንብሩን ስናሰማ ቲቸር እዚህ ጋ ሲደርስ አስቁሞ ሦስት ጊዜ መለሰው። ክፍሉ ጸጥ አለ። "ይህ ነው ሬዲዮ" አለ። ከኔ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ። ለቅዳሜ ፕሮግራሜ ስጪኝ ሲለኝ የምይዘው ጠፋኝ።

ከመተላለፉ በፊት ጽሑፉን አረመው። እኔ "ሾላ ገበያ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ሦስት ልጆች አሏቸው" ብዬ ነበር የጻፍኩት። እሱ "ትሸጣለች" አደረገው፣ "አሏት" አደረገው። "ይላሉ" የነበረው "ትላለች" ሆነ። ለምን ስለው አድማጭ እንዲቀርባት ነው አለኝ። እዚያው ፕሮግራም ላይ ስለ ገበያ ማረጋጋት የተናገሩ አንድ ኃላፊ ነበሩ። የሳቸው "አሉ" እና "ገለጹ" አልተነካም። እሳቸውን አድማጭ እንዲቀርባቸው አልተፈለገም። ይህ ነገር እዚያው ታይቶኛል። ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ድምፄ አየር ላይ ሊውል ነው።

አንቱታን በዜና ውስጥ ማን ያገኛል፣ ማን ያጣል የሚለው ነገር ከዚያ ወዲህ ሲያሳስበኝ ይኖራል። ሬዲዮ ከፍታችሁ አንድ ቀን ቁጠሩት። ሚኒስትሩ ያሳስባሉ፣ ዶክተሩ ይመክራሉ፣ ጀብሎው ይላል፣ እንጀራ ሻጯ ትላለች። ዕድሜያቸው እኩል ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ብናገኛት እትዬ የምንላትን ሴት ስቱዲዮ ስንገባ አንቺ እንላታለን። የፊደል ጉዳይ አይደለም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ተላለፈ። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን ሰማነው።

ከዚያ ፈተና መጣ። ሾላ የተመለስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እሱም ቅዳሜ ነበር። ቅንብሩን ስልኬ ላይ ጭኜ ላሰማቸው ነው የሄድኩት። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር።

"ቀና ብለው ይዩኝ እንጂ እናቴ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቄሻለሁ" አሉ። ቀና አላሉም።

"በሬዲዮ ተላልፎ ነበር እኮ።"

"እኔ አልሰማሁትም። ልጁ ነው የሰማው።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። ቤታቸው ከልብስ ሰፊ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይገናኛል። ልብስ ሰፊው ሬዲዮ ከከፈተ እነሱ ቤት የተከፈተ ያህል ነው። በዚያን ቀን 4 ሰዓት ላይ ትልቁ ልጅ ገና አልተነሳም። ተኝቶ ነው የሰማው።

"ስምዎትን አልጠራንም" አልኩ። ያኔ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

"ልጅ የናቱን ድምፅ በስም ነው እንዴ የሚያውቀው?"

ገዢ መጣች። ሁለት መደብ ፌስታል ውስጥ አድርገው ሰጧት፣ መልስ ቆጠሩ፣ አንዲት ቃሪያ ምራቂ ጨመሩላት። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ሴትየዋ ስትሄድ እንደገና መደብ መሥራት ጀመሩ፣ ከታች አራት ከላይ አንድ።

"ጨርሰናል ብለሽኝ ነበር" አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። አልነበረም። አንድን ነገር በትክክል ሰምተው እንደሆነ የሚያጣሩ ነበር የሚመስሉት።

"ብያለሁ" አልኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አሁን ቅዳሜ ከኔ እኩል ነው የሚነሳው። ቁርስ ብላ ስለው አልራበኝም ይላል።" በአገጫቸው ወደ ቲማቲም ተራ ጠቆሙኝ። "ያውልሽ።"

ቀጭን ልጅ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነው ብለውኝ ነበር። የቲማቲም ሣጥን በሆዱ አቅፎ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ሰው መሃል እየተሸለኮለከ ይሄዳል። ሰዎች ዞር በል ሲሉት ሰማሁ። አላየኝም፣ ቢያየኝም አያውቀኝም። የሚያውቀው ድምፄን ነው።

ሁለት መደብ ሽንኩርት ገዝቼ 50 ብር ሰጠኋቸውና ዞርኩ። "መልስሽን" ብለው ጠሩኝ። 40 ብር ቆጥረው እጄ ላይ አደረጉ። ምራቂ አልጨመሩልኝም።

ሰኞ ለቲቸር ነገርኩት። አልተቆጣም። "ያሳዝናል" አለ። "ግን ስሟን አልጠራንም፣ የዋሸነው ነገርም የለም። እሷ ያለችውን ነው ያስተላለፍነው።" የሚዲያ ሕግ ኮርስም በዚያው ሴሚስተር እየወሰድን ነበር። ያኔ የሚሠራበትን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 590/2000ን እናገላብጣለን፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 በቃላችን እንወጣዋለን። ሐሳብን በነጻ የመግለጽ መብታችን ነው። አንቀጽ 26 ከሱ በሦስት ቁጥር ይቀድማል። የግል ሕይወትን ስለማክበር የሚለው ነው። ፈተና ላይ እሱም መጥቶ ነበር፣ በደንብ መልሼዋለሁ።

ኮርሱን ኤ አገኘሁ። ከኛ በኋላ የገቡ ልጆች እንደነገሩኝ ያቺ 14 ሰከንድ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ትሰማለች፣ ጥሩ ቃለ መጠይቅ ምን እንደሚመስል ማሳያ ሆና። አድማጩ ዝም ይላል አሉኝ። ያ ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ዕድሜ ላይ ነው። ጋዜጠኝነት እንዳይመርጥ ስል እጸልያለሁ።

ከተመረቅኩ ጀምሮ ሬዲዮ ላይ ነው የምሠራው። ቲቸር ያለው ነገር ውሸት አይደለም፣ ሰው ጨርሰናል ካልነው በኋላ ነው ልቡን የሚከፍተው። በሥራዬ ሁሉ ከዚያ 14 ሰከንድ የተሻለ ድምፅ አልቀዳሁም። ይህን ስጽፍ ያመኛል፣ ግን እውነት ነው። እኔ አሁን "ጨርሰናል" የምለው ሪከርደሩን አጥፍቼ፣ ማጥፋቴን አሳይቼ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነገረኝን ጥሩ ነገር እንደገና በማይክ ይሉልኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ እምቢ ይላሉ። እሺ ያሉትም ሁለተኛ ሲናገሩት ያው አይሆንም። ኤዲተሬ ሰው አታናግሪም ወይ ብሎ የተቆጣኝ ቀን አለ።

ባለፈው ወር መገናኛ አካባቢ ሊስትሮ የሚሠሩ አንድ አባት አነጋገርኩ። ዕድሜያቸው ከአባቴ አይተናነስም። ሪከርደሩን አጥፍቼ ስለ ልጃቸው አንድ ነገር ነገሩኝ። ይህን በሬዲዮ ይደግሙልኛል ወይ አልኳቸው። ብሩሹን አስቀመጡ፣ ትንሽ አሰቡ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። አበራሁት።

"እንግዲህ የሚመለከተው አካል መፍትሔ ቢሰጠን" አሉ።

እሱን አስተላለፍኩት። "አሉ" ብዬ።