የተፈናቀለው ቱቦ

ዛሬ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን «ሳንጁሮ» ደግሜ አየሁት፤ የ1962 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ነው። ሌላው ቢቀር የመጨረሻዋን ፍልሚያ እዩአት። ተዋናዮቹ ሚፉኔና ናካዳይ እጅ ቢዘረጉ በሚነካኩበት ርቀት ተፋጠው ይቆማሉ። ሙዚቃ የለም፣ የሚነቃነቅ የለም። ዝምታው እስኪጨንቅ ይቆይና በአንድ ምት ያልቃል፤ ደሙ እንደ ፈነዳ ቧንቧ ይንፎለፎላል።

ደግሞም የፈነዳ ቧንቧ ነው! ከናካዳይ ልብስ ስር ደም መሳዩን ፈሳሽ በግፊት የሚረጭ ቱቦ ተዘርግቶ ነበር። ምልክቱ ሲሰጥ መጋጠሚያው ግፊቱን አልቻለም፤ ተፈናቀለና ፈሳሹ ባንዴ ወጣ። ሰውየውን ከመሬት ሊያነሳው ምንም አልቀረው፤ እሱ ግን ትወናውን ሳያቋርጥ ጨረሰ። ኩሮሳዋም ያንኑ ቀረጻ አስቀረው። በቀለም ቢሆን ኖሮ የሚያስቅ ይመስለኛል፤ ጥቁርና ነጭ መሆኑ አዳነው።

ለኩሮሳዋ ምዕራባውያን ዘንድ በሩን የከፈተለት በ1951 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ያገኘው ፊልሙ «ራሾሞን» ነው። 207 ደቂቃ የሚፈጀውን «ሰባቱ ሳሙራይ» ሆሊውድ በ1960 የካውቦይ ፊልም አድርጎ ሠራው። ሌላውን የኩሮሳዋ ፊልም «ዮጂምቦ»ን ግን ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ሳያስፈቅድ ነው በ1964 በራሱ መንገድ ዳግም የሠራው። የጃፓኑ ፊልም ሠሪ ቶሆ ኩባንያ ከሰሰ፤ ከዓለም ገቢው 15 በመቶ አገኘ፣ የሊዮኔ ፊልምም አሜሪካ የደረሰው በ1967 ነው።

የሚገርመው፣ «ዮጂምቦ» ውስጥ ራሱ ሽጉጥ አለ። ሰይፍ በታጠቁ ሰዎች መሀል ሽጉጡን የያዘው ማን መሰላችሁ? ያው ናካዳይ።