መዝገብ ከመገለጡ በፊት

ለድጋፋዊ ክትትል፣ ማለትም ሠራተኞችን አይቶ ለማገዝ፣ ጤና ኬላ ሄዶ መጀመሪያ መዝገብ የሚያነሳ ሰው፣ ይዞ የሚመለሰውም የመዝገብ ወሬ ነው። ዛሬ ከሲስተር ጋር ስውል ይህ ይበልጥ ገባኝ፤ ሳልረሳው ልጻፈው።

በጤና ጣቢያችን ሥር ያሉትን አምስት ኬላዎች ለዓመታት የደገፈችው እሷ ናት። ሥራውን የምረከበው እኔ ስለሆንኩ «ነይ፣ አብረን እንዋል» አለችኝ። ስንደርስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገቦቿን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ትጠብቀናለች። ሲስተር ሰላምታዋን ጨርሳ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። «እኛን ተይን የኔ ልጅ፣ እናቶቹ እንዳይጉላሉ» አለቻት።

አንዲት እናት ሳል የያዘው የስምንት ወር ልጅ ታቅፋ ገባች። ልጁ እያለቀሰ ሠራተኛዋ ትንፋሹን ግማሽ ደቂቃ ቆጠረችና በሁለት አባዛችው። ሲስተር እናትየዋ ፊት አላረመቻትም። ዝግ ባለ ድምፅ «ስንት አገኘሽ?» አለቻት።

«56፣ ሲስተር።»

«ለቅሶውን ሲተውስ ስንት የሚመጣ ይመስልሻል?»

ሠራተኛዋ አሰብ አደረገችና እናትየዋን «እስኪ አጥቢው» አለቻት። ጠብቶ ጸጥ ሲል ልብሱን ገለጥ አድርጋ ደረቱን እያየች ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች። 44። በዚህ ዕድሜ ፈጣን አተነፋፈስ የሚባለው 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ እንደማይገባም አየች። «ይሄ የሳንባ ምች አይደለም፣ አሞክሲሲሊን አያስፈልገውም» ያለችው ራሷ ናት። ለእናትየዋም መተንፈስ ካስቸገረው ወይም መጥባት እንቢ ካለ ቶሎ እንድትመልሰው ነገረቻት።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. በ16 ፓኬጆች ሲጀመር ጀምሮ የሥራው ጠባይ ይኸው ነው፤ ሁለት ሴቶች እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አጠገባቸው ሳይኖር። ስትታዘዝ ብቻ የምትሠራ ሠራተኛ እኛ የሌለንበት ቀን ምን ታደርጋለች? የሚቆጣ ሱፐርቫይዘር የሚመጣበት ኬላ መዝገቡ ያምራል፤ የልጆቹ ትንፋሽ ግን አሁንም በግማሽ ደቂቃ ይቆጠራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ይህን አሠራር ልል የሚሉት አሉ። አልስማማም። ሲስተር የክትባት ፍሪጁን ሙቀት መመዝገቢያ ስታይ ያልተሞሉ ቀናት አገኘች፤ ሠራተኛዋን ፊት ለፊት ጠየቀቻት፣ ሳትሸፋፍን። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየቱ ካልታወቀ ለሕፃን የሚሰጠው ክትባት አያስተማምንም። ቀናቱ ሳይሞሉ የቀሩት ቁልፉ ፈቃድ የወጣችው ባልደረባዋ ጋ ስለነበር ኖሯል። ሲስተር ትርፍ ቁልፍ እንዲቀረጽ እዚያው ተስማማች፣ ስላለቀው የተቅማጥ ሕክምና፣ ዚንክና ኦ.አር.ኤስም፣ ለጤና ጣቢያው ፋርማሲ ደወለች። ቼክሊስቱ የተሞላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አብረው ጎን ለጎን ተቀምጠው። ግብረ መልሱን ጽፋ ስትጨርስም መጀመሪያ ያነበበችው ለሠራተኛዋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ የክትትሉን ዕቅድ አየሁት። በአንድ ቀን ሦስት ኬላ ይላል። በዚህ አካሄድ መዝገብ ገልጦ ከመፈረም ሌላ ምንም አይሠራም፤ የታመመ ልጅ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይኖርም። ነገ ጠዋት ለጤና ጣቢያው ኃላፊ በቀን አንድ ኬላ እንዲሆን በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ሲስተርም አብራኝ ልትፈርም ቃል ገብታለች።