ሦስት ጣቃ ካኪ

ጋሼን ዘንድሮ ጥር ላይ ቀበርናቸው። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ የድሮ አለቃችን ተነስቶ የካኪዋን ታሪክ ሲጀምር፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ታሪኳ ውስጥ አለሁበታ።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም.፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ መርካቶ ጨርቅ ቤት ስንሠራ ነው። ነሐሴ ለእኛ የዩኒፎርም ወር ነው። ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ የተኛ ጣቃ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተጠራርጎ ይወጣል። እኔ ከተቀጠርኩ ገና ስምንት ወሬ ነበር። ጋሼ ግን ከባንኮኒው ጋር አብረው የተተከሉ ነበር የሚመስሉት።

አለካካቸውን ማየት ነበር። እኛ ጨርቁን ወጠር አድርገን ነው የምንለካው። ሳብ ሳብ ስታደርገው በአሥር ሜትር ሃያ ሳንቲ ይተርፍሃል፤ ሲመሽ አንድ ሱሪ ይወጣዋል። ጋሼ ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ልቅ አድርገው ያስተኙታል። የእንጨቷን ሜትር ቀስ አድርገው ያሳርፉበታል። አውራ ጣታቸውን ከሜትሩ ጫፍ ቀጥሎ ያስቀምጡና መቀሱን ጫር የሚያደርጉት ከጣታቸው ወዲያ ነው። ከዚያ ቅድድ! ያቺ የአውራ ጣት ስፋት የገዢ ናት። አለቃችን እሷን ጣት ባየ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል።

ሌላው ነገር ሰዓታቸው ነው። 11 ሰዓት ሲል መቀሷን ምስማሩ ላይ ሰቅለው ይወጣሉ። ዳቦ ይገዛሉ፣ በአንበሳ አውቶቡስ ወደ ኮልፌ። አራት ሴት ልጆች አሏቸው። የአራቱም የወገብና የቁመት ልክ በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ተጽፎ ኪሳቸው ውስጥ አለ። ቁራጭ ሲተርፍ ወረቀቷን ያወጡና "ይቺ ለሦስተኛዋ ትበቃለች" ብለው በደመወዛቸው ያስይዛሉ። ያው እኛ ወጣቶቹ እንስቅባቸው ነበር።

የዚያን ቀን፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከፍቼ ከተማ የመጣች ልብስ ሰፊ ገባች። የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ትእዛዝ ይዛለች። ካኪ ነው የምትፈልገው፤ ሦስት ጣቃ። እጄ ተንቀጠቀጠ። በሕይወቴ ሦስት ጣቃ በአንዴ ሸጬ አላውቅም። ዋጋ ተከራከርን፣ ተስማማን። ብሩን ከመቀነቷ ፈታች፤ በመሐረብ ተቋጥሮ ነበር። መቁጠር ከመጀመሯ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ውሃ ሲነካው አይሰበሰብም አይደል?"

"ኧረ በፍጹም!" አልኩ። ማርያምን ብዬ ማልኩ።

ቴትሮን ቢሆን ኖሮ እውነት ነበር። ፖሊስተር አይሰበሰብም። ያ ካኪ ግን ጥጥ ነው።

ጋሼ ከወዲያኛው ጥግ ሽርጥ እያጠፉ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም። "እናቴ፣ ይሰበሰባል" አሉ። "የሁለተኛዋ ልጄ ጉርድ ከዚሁ ጨርቅ ነው። ባለፈው እሑድ ታጥቦ ከጉልበቷ በላይ ወጣ። ከወሰድሽው ሳትቀጂው በፊት ውሃ ውስጥ አሳድሪው።"

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። ከዚያ ብሩን መልሳ ቋጠረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ቋጠሮዋን በጥርሷ ስታጠብቅ ዛሬም ይታየኛል።

"ልጄ፣ አንተ ምን ብለኸኝ ነበር?"

መልስ የለኝም። ሄደች።

"ጋሼ፣ ምናለ ዝም ቢሉ?" አልኳቸው፤ እንባ እየተናነቀኝ።

"መቶ ልጅ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲቀርበት ወላጅ የሚመጣው አንተ ጋ ነው ወይስ እሷ ጋ?" አሉ። ሰዓታቸውን አዩ። 11 ሆኗል። "በል፣ ዳቦ ሳያልቅ ልድረስ።" መቀሷን ሰቀሉና ወጡ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ለእውነት የቆሙት እሳቸው፣ ስድቡን ብቻዬን የጠጣሁት እኔ! አለቃችን እስኪመሽ ጮኸብኝ። ለጋሼም አልቀረላቸውም፤ የዚያ ዓመት የእንቁጣጣሽ ጉርሻቸው ቀረ። አንድ ቃል ሲናገሩ ግን አልሰማሁም። ሴትዮዋም አልተመለሰችም። በነጋታውም፣ በወሩም፣ በዓመቱም። በሩን እያየሁ ጠብቄያታለሁና አውቃለሁ።

ጋሼ 60 ሞልቷቸው የወጡት በ2014 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የመጣው በ2003 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የቆሙበት ዘመን ሁሉ አልተቆጠረላቸውም። ለአበል የሚያስፈልገውን አሥር ዓመት ለጥቂት ነው ያለፉት። "አውራ ጣቷን ጨምረውልኝ ነው" ብለው ሳቁ። እኔ ያኔ የራሴን ሱቅ ከፍቻለሁ። ካኪ እንደሚሰበሰብ ለደንበኛ እነግራለሁ። ብሩ ከተቆጠረ በኋላ ግን ነው።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። አለቃችን ነጠላውን አስተካክሎ ያወራል። "ያን ቀን ‘እንዲህ ያለ ሠራተኛ እግዜር ነው የሰጠኝ’ አልኩ" አለ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር፤ ለድንኳን አይሆንም። "ሴትዮዋ በነጋታው ተመልሳ አምስት ጣቃ ገዛች!" ሲል ሰው ሁሉ "አይ ጋሼ!" እያለ ከንፈሩን መጠጠ። ሦስቱ ጣቃ አምስት ሆኗል። በአርባው ስምንት ሳይገባ አይቀርም።

ሰው ትንሽ ቀለል ሲል ሁለተኛዋ ልጃቸው ንፍሮ ይዛ መጣች። ያቺ ጉርዷ ያጠረባት። አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"አንተ ነበርክ አይደል እዚያ?" አለችኝ። "እውነት ተመልሳ ገዛች?"

ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ምን እላታለሁ?

"አዎ" አልኩ። "አምስት ጣቃ። በማርያም!"

ትንሽ ዝም አለች።

"አባባ ግን ‘አልተመለሰችም’ ነበር የሚለን" አለችና ንፍሮውን በእፍኜ ሞላችልኝ።