አራተኛው ምስክር ማክሰኞ መጣ

ደሴ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። ክስ፣ መልስ፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የወራሽነት ማመልከቻ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ሰው ስለ ኑዛዜ ባነሳ ቁጥር ግን አንዲት እናት ፊቴ ድቅን ይላሉ።

እማማ ነበር የምላቸው። ሰኞ ገበያ ምስርና ሽንብራ ሲቸረችሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ከነሰርቪሷ ነው፤ ካርታው በስማቸው። አብራቸው የምትኖር ልጅ አለች። በ4 ዓመቷ ከገጠር አምጥተው ነው ያሳደጓት። ኋላ እሳቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ያጠበቻቸውም፣ ያጎረሰቻቸውም፣ ሌሊት ያገላበጠቻቸውም እሷ ናት። ሰፈሩ የሚያውቃት በእሳቸው ልጅነት ነው።

ወረቀት ግን የላትም። ጉዲፈቻ እንዲባል ውሉ ተጽፎ ፍርድ ቤት ሊያጸድቀው ይገባል። ያ ቢደረግ ኖሮ ልጅቷ በሕግ ከአብራክ ልጅ እኩል ትወርስ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ይህን የነገራቸው ሰው የለም።

አንድ ቀን ጎረቤት ልከው አስጠሩኝ። ትራሳቸውን ተደግፈው፣ «ልጄ፣ ቤቱ ለሷ ይሁን። ጻፍልኝ» አሉኝ። የተናገሩትን ጻፍኩ፤ ቢሮ ወስጄ በኮምፒውተር ተየብኩት። እሁድ ይዤው ተመለስኩ። የነፍስ አባታቸው አሉ። የእድሩ ዳኛ አሉ። አንዲት ጎረቤት አለች። አራተኛው ምስክር ግን የለም። እሱ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነው፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ይሠራል፤ ያን ቀን ሺፍት ገብቷል። «ማክሰኞ ይፈርማል፣ እሱ የቤት ሰው ነው» ተባለ። እሺ አልኩ።

ለእሳቸውና ለሦስቱ አነበብኩላቸው። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ይዤ የማኅተም ቀለሙ ላይ ጫን አደረግኩት። አሻራው አልወጣ አለ። ዕድሜ ልክ እህል ሲለቅም የኖረ ጣት ነው፤ መስመሩ ጠፍቶ ለስልሷል። ሦስት ጊዜ ደገምነው። በሦስተኛው እንደ ጭጋግ የመሰለ ወይን ጠጅ ክብ ወጣ። ልጅቷ ጣታቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።

ማክሰኞ ማታ አራተኛው ምስክር ከኮምቦልቻ ወጥቶ መጣ፤ ፈረመ። በልቤ፣ አንድ ቁም ነገር ሠራሁ አልኩ።

እማማ ሁለት ወር አልቆዩም። አርባቸው እንደወጣ የወንድማቸው ልጆች የወራሽነት ማስረጃ ጠየቁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አክስታቸው ናቸው። ሟች ልጅ ከሌለው፣ አባት እናቱም ከሌሉ፣ ሕጉ ወደ ወንድምና እህት፣ ወደ እነሱም ልጆች ነው የሚሄደው። ልጅቷ ኑዛዜውን ይዛ ተቃወመች። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማለሁ።

ጠበቃቸው አራተኛውን ምስክር ጠየቀው።

«ኑዛዜው ሲነበብ የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

«መቼ ፈረምክ?»

«ማክሰኞ።»

«ሲነበብ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም። እሳቸው ተኝተው ነበር። ምን እንዳለበት ግን አውቃለሁ።»

ሰውየው ፈጣሪውን የሚፈራ ነው፤ እውነቱን ተናገረ። አልቀየምኩትም። ያን ጊዜ ግን እጄ ቀዘቀዘ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 881 ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። ተናዛዡ እየተናገረ ሌላ ሰው የሚጽፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም አለባቸው። እኔ የጻፍኩት ወረቀት ላይ «በአራት ምስክሮች ፊት ተነበበ» የምትል መስመር እንኳ የለችም። ኑዛዜው ፈረሰ። የእማማ ቃል እውነት መሆኑን የወንድም ልጆቹ ራሳቸው አልካዱም። ፎርሙ ነው የጎደለው፤ ያጎደልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሽማግሌ ገብቶ ልጅቷ የቤቱን እቃ ወሰደች፤ ሰርቪሷ ውስጥም አንድ ዓመት እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። አሁን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተከራይታ ትኖራለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆማ ሰላም ትለኛለች። እኔን የሚከብደኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቢሮዬ ሲመጣ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። ኑዛዜ የሀብታም ጉዳይ የሚመስለው ብዙ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ምን ሟርት ታወራለህ» ብሎ ይቆጣል። ሀብታሙ ጠበቃ አለው፤ አንድ ጭቃ ቤት ያለው ሰው ግን ያቺው አንድ ቤት ናት ያለችው። «አባታችን ሊሞት ሲል በአፉ ተናግሯል» የሚሉኝም አሉ። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ፊት ይቻላል። ግን ቤት አይሰጥበትም። ስለ ቀብር፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚት፣ ወይም እያንዳንዱ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ተርፎ ሦስት ወር ካለፈው እሱም ይወድቃል።

ሚስቶችን ደግሞ ይሄ ያስደነግጣቸዋል፤ የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለም። ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ ነው፤ የባልየው ግማሽ ለልጆቹ ይሄዳል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም እኩል ይካፈላል። ባለጉዳዮቹ ተስማምተው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ ደንቡ ሌላ ነው። እዚያ በኑዛዜ መስጠት የሚቻለው እስከ ሲሶ ድረስ ነው፤ ለወራሽም አይናዘዙም፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ ምስክር ሳይጠራ ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ በየገጹ ቀን አድርጎ መፈረም ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ባለፈው አንድ ሽማግሌ ሦስት ምስክር ይዘው መጡ። አራተኛው ከሐይቅ ከተማ ነው የሚመጣው። ሚኒባስ አጥቶ ዘገየ። ከሦስቱ አንዱ ሥራ አለኝ ብሎ ተነሳ፤ «እኔ ፈርሜ ልሂድ፣ እሱ ሲመጣ ይፈርማል» አለኝ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ቡና አስመጣሁላቸው። አባባም ሰዓታቸውን እያዩ፣ «ልጄ፣ አንተንም ከሥራህ አስፈታንህ» አሉኝ። ችግር የለም አልኳቸው። ከጦሳ ተራራ ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን መሸፈን ሲጀምር ሰውየው እያለከለከ ገባ። በሩን ዘጋሁ። አምስቱንም ከፊቴ ደርድሬ አስቀመጥኩ። ከቀኑ ጀምሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።